ኳሷ ጣቷን ስትነካ

ኳሷ ከመስመሩ ውጪ ስታርፍ ዳኛው ፊሽካውን ነፋና እጁን ወደ ቡታጅራ ልጆች ዘረጋ። ነጥብ። የመረብ ኳስ ጨዋታው አለቀ፤ ለፍጻሜ አለፉ።

መሕቡባ ግን እንደ ጓደኞቿ አልዘለለችም። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት እያቃጠላት ነበር። ለመከላከል መረቡ ላይ ስትዘል ኳሷ የጣቷን ጫፍ ነክታ ነው የወጣችው። ከነካቻት ደግሞ ነጥቡ የወልቂጤዎች ነው።

«ነክታታለች!» ኳሷን የመታችው የወልቂጤዎች አምበል ባሂራ ወደ ዳኛው ሮጠች። «ወላሂ ነክታታለች! ጣቷ ሲታጠፍ አይቻለሁ!»

ዳኛው ከመቆሚያው ላይ ሆኖ ወደ መሕቡባ ዞረ። «ነክታሻለች?»

ሜዳውን የከበበው ተማሪ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ጓደኞቿ በዓይናቸው ይለምኗታል። መሕቡባ ጭንቅላቷን ብቻ ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«ውሸታም!» ባሂራ ኳሷን አንስታ መሬት ላይ ፈጠፈጠቻት። ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ።

የቡታጅራ ልጆች መሕቡባን ተሸክመው እየጨፈሩ ከሜዳው ወጡ። እሷ ከላይ ሆና ባሂራን ላለማየት ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

ምሳ ሰዓት ላይ አሠልጣኛቸው ቲቸር ደበሌ ወዳደሩበት ትምህርት ቤት ዜና ይዞ መጣ። «ባሂራን ከክልሉ ምርጥ ቡድን አስወጥተዋታል። ዳኛ ፊት ኳስ ፈጥፍጣለች፣ ሰው ሰድባለች። መሕቡባ፣ ቦታው ለአንቺ ተሰጥቷል። እንኳን ደስ አለሽ!»

ልጆቹ ጠረጴዛውን ደበደቡት። መሕቡባ የጎረሰችውን በውሃ አወራረደችው።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ የዋለችው ጓደኛዋ አደይ ግን አልደበደበችም። እጇን ይዛ ከውሃ ሮቶው ጀርባ ወሰደቻትና ስልኳን አወጣች። ጨዋታውን ቀርጻው ነበር። ቪዲዮውን በዝግታ እንዲሄድ አድርጋ ከፈተችው። ኳሷ መጣች፣ መሕቡባ ዘለለች፣ ትንሿ ጣቷ ወደ ኋላ ተለመጠች።

«ማንም አልነቃም» አለች አደይ በሹክሹክታ። «ላጥፋው?»

መሕቡባ ሳትመልስላት ባሂራ በግቢው በር ገባች። ማሊያዋን አላወለቀችም፤ ዓይኗ ቀልቷል። አደይ ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ባሂራ።

«ወአለይኩም ሰላም።»

«አፉ በይኝ፣ መሕቡባ። ሰው ፊት ውሸታም ማለት አልነበረብኝም።» ባሂራ መሬት መሬት ታያለች። «ደግሞ ምያለሁ። እርግጠኛ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ዓይኔ ተሳስቶ በሐሰት ምዬ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ምሳም አልበላልኝ አለ።»

መሕቡባ ፊቷ ጋለ። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ምንም አይደል።»

ባሂራ እጇን ዘረጋች። ስትጨብጣት መሕቡባን ጣቷን አመማት። ከዚያ ባሂራ ወጥታ ከበሩ ፊት ለፊት ባጃጅ ለመጠበቅ ቆመች።

«ይቅርታ ጠየቀችኝ» አለች መሕቡባ። «እኔን!»

«ሼም ነው፣ አውቃለሁ» አለች አደይ። «ግን ፍጻሜው ነገ ነው። ልጆቹ ምን ይሉሻል?»

«ስልኩን ስጪኝ።»

ቲቸር ደበሌ መሕቡባ ያመጣችለትን ቪዲዮ አየው፤ ደግሞም አየው። ከዚያ ስልኩን መለሰላትና ጢሙን አሻሸ።

«ውጤቱ አይቀየርም። በእኛ ውድድር ዳኛ የወሰነው በቪዲዮ አይከለስም፤ ደንቡ ነው። ባሂራም ኳሷን መፈጥፈጧ አይካድም፤ ቅጣቷ ላይነሳ ይችላል። ታዲያ ማውራቱ ምን ይጠቅማል?»

«እሱን አላውቅም፣ ቲቸር።»

«እኔም ከጎን ሆኜ ጠርጥሬ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዓይኗን ማየት አልቻለም። «አሸነፍን ብዬ ዝም አልኩ።»

መሕቡባ ይህን አልጠበቀችም። የሚቆጣት መስሏት ነበር፤ ቢቆጣት ይቀልላት ነበር።

«በሐሰት የማለች መስሏታል» አለች። «ቦታዋንም አልፈልገውም።»

«እንግዲያው ለአዘጋጆቹ ልንገርልሽ?»

«እኔው እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ለእሷ።»

ወደ በሩ ስትሄድ የቡድኗ ልጆች በረንዳው ላይ ለነገው ይዘፍናሉ። አንዷ ስሟን እየጠራች አጨበጨበችላት። መሕቡባ አልዞረችም። ከመንገዱ ማዶ አንድ ባጃጅ ቆሞ ባሂራ ልትገባ ጎንበስ ብላለች።

«ባሂራ!»

ድምፅዋ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም። በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ እንደሚሰሟት እያወቀች፣ ጮክ ብላ ደግማ ጠራቻት።