በኮማርያ ምድጃ ላይ የረጋው ወተት

ኮማርያ ሰኞ ረፋዱ ላይ ማድቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። የጭንቅላቷ ጀርባ ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር ተላትሟል፤ ክንዷ ላይ የአምስት ጣት ሰንበር ስለነበረ ግን ተንሸራትታ ወደቀች ያለ ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በመንደሩ የወተት መሰብሰቢያ ቤተ ሙከራ ሠርታለች። እሷ «አይሆንም» ያለችው ወተት ይደፋ ነበር።

ሳጅኑ ምድጃው ላይ የነበረውን ድስት ከፈተ። «ረግቷል ኢቡ» አለ፣ ኢንስፔክተሯን በአገሩ ወግ «እመቤት» ማለቱ ነው። «እስኪኮመጥጥ አንድ ቀን አድሯል ማለት ነው። ስለዚህ የሞተችው ትናንት ጠዋት ነው፤ ያኔ እዚህ የነበረው ደግሞ ሹፌሩ ታታንግ ነው።»

ኢንስፔክተር ኔንደን ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከሟቿ ቦርሳ የአሲድ መለኪያ ወረቀት አውጥታ ድስቱ ውስጥ ነከረችና ቀለሙን ትክ ብላ አየችው።

የወተት ቦቴ የሚነዳው ታታንግ እጁ በካቴና ታስሮ ቀረበ።

«ተሰዳድበናል፣ አልክድም። ቦቴውን በደንብ አላጠብክም ብላ አዋረደችኝ። ከቀትር በፊት ጭኜ ባንዱንግ ከተማ ወዳለው የወተት ፋብሪካ ወረድኩ፤ የተመለስኩት ዛሬ ነው።»

«ስትለያትስ?»

«እየሰደበችኝ ነበር። የሞተ ሰው እንደዚያ ይሳደባል እንዴ ኢቡ?»

ታናሽ እህቷ ዮዮህ ዓይኗ አብጧል። «በአባታችን ቤት ውርስ ተኳርፈን ነበር። ትናንት ግን ከንጋት እስከ ማታ ሰርግ ቤት ሳበስል ነው የዋልኩት። ምነው ሄጄ ባያት!»

የብዙ ላሞች ባለቤት ሀጂ ሶለህ በረታቸው ደጃፍ ላይ ተቀበሏት። «ከዓርብ ወዲህ አላየኋትም። ትናንት ጠዋት ሰርጉ ላይ ነበርኩ፤ መንደሩ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ከበስተኋላቸው አንዲት ጥጃ እግሯ እየተብረከረከ ቆማ ነበር።

«ታምራለች! መቼ ተወለደች?»

«ትናንት አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ» አሉ ፊታቸው በርቶ።

«እንገሩንስ ጎረቤት ቀመሰ?»

«ራሴ አልቤ ለጥጃዋ ሰጠኋት። ጠብታ ከዚህ አልወጣም። ስስታም በሉኝ!»

ኔንደን ፈገግ ብላ ወጣች። ከዚያ ቤተ ሙከራው ገብታ የናሙና መደርደሪያውን ስትመለከት ፈገግታዋ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መሰብሰቢያው ጣቢያ አስጠራች።

«ወተት ሲቆይ የሚረጋው ባክቴሪያ ላክቶስ የሚባለውን ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጠው ነው። አሲዱ ደግሞ ኬዚን የተባለውን ፕሮቲን ያረጋዋል። እንዲህ ሲሆን፣ አሲድ በበዛ ቁጥር ዝቅ የሚለው መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከአምስት በታች ይወርዳል። የኮማርያ ድስት ግን ከስድስት በላይ ነው። አልኮመጠጠም።»

«ታዲያ ምን አረጋው?» አለ ሳጅኑ።

«እሳት። ሳይኮመጥጥ ሲፈላ እንደ እንቁላል የሚጋገረው እንገር፣ ላም እንደወለደች የሚታለበው ወተት ነው፤ ፕሮቲኑ ከተራ ወተት እጅግ ይበልጣል። ወንድም ታታንግ፣ በየበረቱ የምትዞረው አንተ ነህ። ሰሞኑን የማን ላም ወለደች?»

«የሀጂ ብቻ።»

ሀጂ ሶለህ ቆባቸውን አወለቁና መልሰው ደፉ።

«ስለዚህ ኮማርያ ከዐስር በኋላ በሕይወት ነበረች» አለች ኔንደን። «ያኔ ታታንግ ባንዱንግ እንደነበረ የፋብሪካው ዘበኛ አረጋግጧል። ዮዮህን ሰርገኛው ሁሉ አይቷታል። እንገሩን ያለቡት እርስዎ ነዎት፤ ከበረቴ አልወጣም ያሉትም እርስዎ።»

«ለምን ብዬ እገድላታለሁ?»

ኔንደን ሦስት ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ሦስቱም የሐሙስ ናሙናዎች ናቸው። ሁለቱ ረግተዋል። የእርስዎ ግን እንደታለበ ነው፤ ባክቴሪያውን ፎርማሊን ገድሎታል። ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚደረገውን ነገር ሕፃናት በሚጠጡት ወተት ውስጥ ጨምረዋል። መዝገቧ ላይ እንደጻፈችው ኮማርያ ዛሬ ልታመለክት ነበር።»

የሽማግሌው ትከሻ ወደቀ።

«ልለምናት ነበር የሄድኩት። እንገሩን ተቀበለችኝ፣ ጣደችው። ገና ሳይፈላ ግን ነገ አመለክታለሁ አለችኝ። ክንዷን ያዝኩ... ገፋኋት። ወተቱ ሊያር ሲል ጋዙን አጠፋሁና ወጣሁ።»

ዮዮህ ቀስ ብላ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። እስከዚያች ቀን አንቱ ያላለቻቸው ጊዜ አልነበረም።

«ጋዙን ስታጠፋ» አለች፣ «እህቴ ትተነፍስ ነበር?»

ሀጂ ሶለህ መሬት መሬት አዩ።

«መልስልኝ እንጂ!»

ሳጅኑ የታታንግን ካቴና ፈታና ወደ እሳቸው ዞረ።