በሲባጎ የታሰረው ጊታር

ጊታር ሠሪው ባልታሳር ሞያኖ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ግንባሩን የፈነከተው የጊታር ጎን በትኩሱ የሚጣመምበት ከባድ የብረት ቧንቧ አጠገቡ ወድቋል። ቀኝ እጁ የሙጫ ብሩሽ እንደጨበጠ ነበር፤ ሙጫው ደርቆ ብሩሹን ከመዳፉ ጋር ስላጣበቀው ሐኪሙ ሊያላቅቀው አልቻለም። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በዚያው ጠዋት ጀርባው የተገጠመ ጊታር፣ ሙጫው እስኪይዝ ዙሪያውን በሲባጎ ተተብትቦ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ኦሎሪስ ሬሳውን ለአፍታ፣ ጊታሩን ግን ለረጅም ጊዜ አየ። አባቱ በግራናዳ የታወቀ አናጢ ስለነበር የሙጫ ሽታ ለእሱ እንግዳ አልነበረም።

ሐኪሙ የሞቱን ሰዓት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው አለ። የወርክሾፑን ቁልፍ የሚይዙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ፎቅ ላይ የምትኖረው የሟች ሚስት ዶኛ ትሪኒ፣ ከባልታሳር ጎን ሃያ ሁለት ዓመት የሠራው ፌርሚን፣ እና ያለቁ ጊታሮችን ቫርኒሽ የምትቀባው አንጉስቲያስ። አንጉስቲያስ ወደዚህ ቤት ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ ቀድማ ደርሳ የሙጫውን ድስት የምታሞቀውም እሷ ናት።

ዶኛ ትሪኒ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነበረች፤ ቄሱም መስክረውላታል። ማን ገደለው ብላ ለመጠየቅ እንኳ አልደከመችም።

«ፌርሚን ነው። ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ‹ጊታሩ ውስጥ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ የእኔም ስም ይግባ› አለው። ባሌም ‹እኔ ስሞት ይገባልሃል› አለው። ይኸው፣ ሳይውል ሳያድር ሞተለት።»

ፌርሚን በዳገቱ ታች ባለው መጋዘን ብቻውን እንጨት ሲመርጥ እንደነበር ተናገረ። ያየው ሰው የለም። አንጉስቲያስ ድስቱን ጥዳ ቫርኒሽ የሚሟሟበትን አልኮል ልትገዛ መውጣቷን፣ በመንገዷም ቤተ ክርስቲያን መግባቷን ገለጸች። እሷንም ያያት ሰው የለም።

ኦሎሪስ ፌርሚንን ስለ ሙጫው ጠየቀው።

«ትኩስ ሙጫ ነው ጌታዬ። ከቀባኸው በኋላ ያለህ አንዲት ደቂቃ ናት። ከዚያ ይረጋል፤ ከረጋ በኋላ ብትገጥመው አይዝልህም።»

«እንግዲያው ብሩሽ እንደያዘ የሞተ ሰው ይህን ጀርባ አልገጠመውም።»

ፌርሚን የተናገረው ምን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። አንድ ሰው ገና ያልቀዘቀዘ ሬሳ ተሻግሮ፣ ጀርባውን ገጥሞ ጊታሩን ዘግቷል። በዚያ ቤት ደግሞ ከባልታሳር ሌላ ጊታር የሚዘጋ ፌርሚን ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ካቴና ገባለት። ሲወስዱት አንጉስቲያስ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ከዚያም ሽርጧን አራግፋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኦሎሪስ ይህንንም ልብ አለ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ፌርሚን ከነካቴናው መጣ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም መዝገቡን ይዞ ተቀመጠ።

«ሌባ ቢሆን ገድሎ ይሸሽ ነበር» አለ ኦሎሪስ። «ሰው ገድሎ ሙጫው እንዳይረጋ የሚጣደፍ ባለሙያ ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ፌርሚንን አያችሁ። እኔ ግን ግድግዳውን አየሁ።»

ግድግዳው ላይ ፌርሚን የዘጋቸው አራት ጊታሮች ተሰቅለዋል። በመጋጠሚያቸው ዙሪያ ተጨምቆ የወጣው ሙጫ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ደርቋል።

«ለምን አልጠረግኸውም?»

«ሲደርቅ በመሮ ይነሳል» አለ ፌርሚን። «በእርጥብ ጨርቅ ከጠረግኸው እንጨቱ ያብጣል። እኔም ባልታሳርም ጠርገን አናውቅም።»

ኦሎሪስ በሲባጎ የታሰረውን ጊታር አዙሮ አሳያቸው። መጋጠሚያው በሙቅ ጨርቅ ታጥቦ ጠብታ እንኳ አልቀረበትም።

«ሙጫ የቀረበት እንጨት ቫርኒሽ አይቀበልም፤ ነጭ ጠባሳ ያወጣል። ያንን ጠባሳ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትራገም የኖረችው አንዲት ሰው ናት። እጇ ሳታዝዘው ጠረገ።»

ሁሉም ወደ አንጉስቲያስ ዞሩ።

«እሷ ደግሞ ጊታር መዝጋት የት ታውቃለች?» አለች ዶኛ ትሪኒ።

«የጊታር ሠሪው የክሪሳንቶ ቬላ ልጅ ናት የት ታውቃለች የምትባለው?» አለች አንጉስቲያስ።

ፌርሚን አንገቱን ደፋ። የቀረውን ታሪክ እሷው ራሷ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ ነገረቻቸው። ከፊት ገበታው ሥር እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ገበታውን የሚደግፉትን ሰባት ቀጫጭን የእንጨት አጋሮች፣ ባልታሳር በዓለም የታወቀበትን ያንን ንድፍ የነደፈው አባቷ ነበር። ባልታሳር ሥዕሉን ሰርቆ ለጊታር ሠሪዎች ማኅበር ዳኞች የእኔ ነው ብሎ አቀረበ። ያኔ አዲስ ተቀጣሪ የነበረው ፌርሚንም ጌታዬ ሲስለው በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። ክሪሳንቶ ሌባ ተብሎ ከማኅበሩ ተባረረ፤ በዚያው ክረምት ምድር ቤት ውስጥ ሞተ። ልጁ በእናቷ ቤተሰብ ስም እዚህ ተቀጠረች። ጊታር ሊዘጋ ባለ ቁጥር ማልዳ እየገባች፣ ከፊት ባለው ቀዳዳ በማይታይ ቦታ፣ ከአጋሮቹ መካከል በእርሳስ ትጽፍ ነበር።

«ከሁለት መቶ ጊታር በላይ ሸጧል» አለች። «በሁሉም ውስጥ አባቴ አለ። እሱ ሳያውቀው የአባቴን ስም ተሸክሞ ዓለምን አዞረልኝ። በዚያ ጠዋት ግን ሙጫውን ቀብቶ ሲያበቃ ጎንበስ አለና ጽሑፉን አየው። ሳቀ። ‹ይሄ ሌባ ሞቶም አይለቀኝም› አለና በግራ እጁ መፋቂያ ቢላ አነሳ። እንዲፍቀው አልተውኩትም። ስሙ እንዲቀር ሙጫው ሳይረጋ ዘጋሁት።»

«ፌርሚን ሳያጠፋ ሲታሰርስ?» አላት ኦሎሪስ።

«ፌርሚን በሐሰት ምሏል። በሐሰት ቢታሰር ምን ይለዋል?»

ጸሐፊው ጽሑፉ በዓይን ካልታየ መዝገብ ላይ እንደማይሰፍር ተናገረ። ጊታሩ መከፈት ነበረበት፤ ሳይሰብረው ሊከፍተው የሚችለው ደግሞ ፌርሚን ብቻ ነው። ካቴናውን ፈቱለት። ሲባጎውን ፈታ፤ ስስ ቢላ አጋለና በመጋጠሚያው ውስጥ ሰደደው። ቢላውን በጥድፊያ ገፋው።

«ቀስ በል» አለችው አንጉስቲያስ። «እንጨቱ ምንም አላደረገህም።»

ጀርባው ተላቀቀ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ምን እንደሚል ጠየቀ። ፌርሚን ጎንበስ ብሎ አየው።

«አንብበው» አለችው።

ፌርሚን አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ድምፅህን ከፍ አድርግ። ያን ቀን ስትምል ከፍ አድርገህ ነበር።»

ፌርሚን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ፎቁ ላይ እስኪሰማ ድረስ አነበበ። «ይህ ንድፍ የክሪሳንቶ ቬላ ነው።»

ጸሐፊው መዘገበ። አንጉስቲያስ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀችና ሁለት እጆቿን ለኦሎሪስ ዘረጋች።