የማግ ሦስት ቅዳሜዎች

ሰውየው የታጠፈ ጋዜጣ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወረወረ።

«አትዙር» አለ። «ንዳ።»

ኤርምያስ ነዳ። ዳውንታውን ኦክላንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጭር ያለ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ የሚይዝ ሰው ወይ አውሮፕላን የረፈደበት ነው፣ ወይ ሰላይ። ከኋላ የተቀመጠው ሁለተኛው ነበር። አምሐ ይባላል። ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ በድብቅ ግን የስለላ መሥሪያ ቤቱ የአካባቢው ኃላፊ፣ የኤርምያስም አለቃ ነው።

ኤርምያስ የሚለው ስም የተዋሰው ነው። ከአዲስ አበባ ሲላክ ስም፣ ግሪን ካርድ፣ የታክሲ ፈቃድና ሚስት በአንድ ፖስታ ተሰጡት ማለት ይቻላል። ሚስቱ ተናኘ ትባላለች፤ የእሷም ስም እንደዚያው ነው። በምስጢር መዝገብ እሱ «ድር»፣ እሷ «ማግ» ናቸው። ሳን ሊያንድሮ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተው ሁለት ዓመት በባልና ሚስትነት ኖረዋል። የሚተኙት በየክፍላቸው ነው። እውነተኛ ስም መነጋገር ክልክል ነበር፤ ሁለቱም ክልክሉን አክብረዋል።

መውደድ ክልክል ነው ያለ ግን አልነበረም። ኤርምያስ ወደዳት። ለማንም አልተናገረም፣ ለእሷም ቢሆን።

«ጋዜጣውን ክፈተው» አለ አምሐ።

ቀይ መብራት ላይ ከፈተው። የመኪና ቁልፍና ሦስት ፎቶግራፍ። በሦስቱም ላይ ተናኘ በአንድ ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። በሁለቱ ትስቃለች።

«ኩምሳ ነው» አለ አምሐ።

ኩምሳን ለማግኘት ነበር ይህ ሁሉ ድካም። በቀድሞው መንግሥት ዘመን የእስር ቤት መዝገብ ያዥ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ የጠቋሚዎቹን ስም ዝርዝር ይዞ ጠፋ። ማን ማንን አሳልፎ እንደሰጠ፣ በራሱ እጅ የጻፈውን። አሁን ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ ዝርዝሩንም ሰውየውንም በሕይወት ይፈልጋቸዋል። የጻፈው ሰው ቆሞ ካልመሰከረ ወረቀቱ ብቻውን ፍርድ ቤት አይቆምም። ተናኘ ቤተ ክርስቲያን ተዋውቃው ልትቀርበው ታዝዛ ነበር።

«ሦስት ቅዳሜ አብረው ወጥተዋል» አለ አምሐ። «ሪፖርት አላደረገችም። ላንተ ነግራሃለች?»

«ኦቨርታይም አለኝ ነው ያለችኝ።»

አምሐ ሳቀ። «ባል መጨረሻ ነው የሚሰማው ይባላል፤ ለካ የውሸት ባልም ያው ነው! አሥራ አራተኛው መንገድ ላይ ግራጫ ሆንዳ ቆሟል። ዛሬ አራተኛ ቅዳሜያቸው ነው። ተከተላቸው። የት እንደሚገቡ ስታውቅ በፔጀር ጥራኝ፤ መልሼ እደውላለሁ። እኔም መንገድ ላይ ነኝ።»

ከታክሲው ወረደ።

ኤርምያስ ከምትስቅባቸው ፎቶዎች አንዱን አየ። መልሶ አየው። ታክሲውን አቁሞ ወደ ሆንዳው ተሻገረ።

*

ሳን ሆዜ ላይ አገኛቸው። የኩምሳ መኪና ሰማያዊ ናት፤ ለመከታተል ትመቻለች። ሁለት መኪና መሐል እያስገባ፣ አንዳንዴ እየቀደመ፣ አንዳንዴ ነዳጅ ማደያ ገብቶ እየወጣ ተከተላቸው። እጁ ሥራውን ያውቃል። ልቡ ግን ሥራ ላይ አልነበረም።

ተራራውን ተሻግረው ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ሰሜን ታጠፉ። አንድ መንገድ ነው፤ በግራ ገደልና ውቅያኖስ፣ በቀኝ የአትክልት እርሻ። ስንት እሁድ «እስቲ ወጣ ብለን ባሕር እንይ» ብሎ ለምኗታል! «ደክሞኛል» ነበር መልሷ። መጦሪያ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎች ታነሣለች፣ ታስተኛለች፣ ወገቧ ተቆርጧል። እሱም አምኖ ሻይ ያፈላላት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ወገቧ እንደሚድን በምን ይወቅ!

ሰማያዊዋ መኪና ድንገት ጠፋች።

ፍሬን ያዘ። ጉም ብቻ። ወደ ኋላ ተመለሰ። በባሕር ዛፍ ረድፍ መሐል ምልክት የሌለው ጠባብ መንገድ አየ። ሞተር አጠፋና በነፃ ቁልቁል ለቀቀው።

ጉሙ ከታች አልነበረም። መንደር ነበረ።

ሠላሳ የማይሞሉ ነጫጭ የእንጨት ቤቶች ባሕሩን ከበው ተቀምጠዋል። ባሕሩ ወደ መሬት ገብቶ ዘንቢል የሚያህል ወደብ ሠርቷል፤ ውኃው ከላይ እንዳየው ግራጫ ሳይሆን አረንጓዴ ነው። ጀልባዎች ይወዛወዛሉ። በየአጥሩ ላይ ሐምራዊ አበባ ተንዠርግጓል። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት መንገዱ መሐል ወንበር አውጥታ ሹራብ ትሠራለች፤ መኪናም ሰውም ቸል ብላለች። ኤርምያስ በዕድሜው እንዲህ ያለ ቦታ አላየም። ቆንጆ ነበር። ይኸው ቁንጅናው ይበልጥ አናደደው። አስቀያሚ ቦታ ቢሄዱ ኖሮ ሥራ ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

ተገልብጦ ከደረቀ ጀልባ ጀርባ ተጎነበሰ። ሃያ እርምጃ ይሆናል። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጫማዋን አውልቃለች። እቤት ውስጥ እንኳ ካልሲዋን አታወልቅም። ኩምሳ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን ቀጥ ያለ ነው። ኤርምያስ ትከሻውን ጠላው። በወረቀት የተጠቀለለ ዓሣ ይበላሉ። እሷ የምትለውን ነፋሱ ወሰደበት። የሰውየውን ድምፅ ግን አመጣለት።

«አይዞሽ፣ ወለተ ማርያም።»

ወለተ ማርያም። የክርስትና ስሟ። ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ ያልሰማው ስም፣ በአራት ቅዳሜ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሥልጠናው፣ መመሪያው፣ የአሥር ዓመት ልምዱ ሁሉ በአንድ ስም ተበተነ።

ከመንደሩ ግሮሰሪ ጎን የስልክ ሣጥን ነበር። አምሐን በፔጀር ጠራው። በሁለት ደቂቃ ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለ አምሐ።

ነገረው። ምልክት የሌለው መንገድ፣ የባሕር ዛፉ ረድፍ፣ ወደቡ፣ ሁሉንም።

«አርባ ደቂቃ» አለ አምሐ። «ወረቀቱን እኔ እወስዳለሁ። እነሱን ለእኔ ተዋቸው።»

እነሱን።

መሥሪያ ቤቱ ኩምሳን በሕይወት ነበር የሚፈልገው። ስለ እሷማ የታዘዘ ነገርም የለም። ኤርምያስ ስልኩን ሳይሰቅል ቆመ።

«ማንን ነው የጠራኸው?»

ተናኘ በባዶ እግሯ ከኋላው ቆማለች።

«አለቃዬን» አላት። «አለቃሽን። ያልነገርሽውን።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ያህል ጊዜ አለን?»

«ስምሽን ነገርሽው። የክርስትና ስምሽን! ለእኔ እኮ…»

«ምን ያህል ጊዜ!»

«አርባ ደቂቃ።»

«አልነገርኩትም፤ እሱ ነው የነገረኝ» አለች በፍጥነት። «አባቴ እዚያ እስር ቤት ነበር። የመጨረሻዋን ሌሊት በክርስትና ስሜ እየጠራኝ እንዳደረ የሰማው መዝገብ ያዡ ነው። እዚህ ሥራ የገባሁት አባቴን ማን እንዳስያዘው ለማወቅ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ዝርዝሩን አሳየኝ። አምሐ ነው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። አባቴም፣ ሌሎች አሥራ አራት ሰዎችም በእሱ ጥቆማ ሄዱ። ሪፖርት ላድርግ? ለማን? ሪፖርት ሁሉ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው!»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽም?»

«ሌላውን ሁሉ ትደብቃለህ፤ የእኔ ነገር ሲሆን ግን ፊትህ ያወጣዋል። አምሐ ደግሞ ፊት ያነባል። የምትወደኝን እኮ ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው። ዛሬ አንተን መርጦ የላከህ ለዚያ ነው።»

ማፈርና መደሰት አንድ ላይ መጡበት፤ ማፈሩ በለጠ።

ኩምሳ ደረሰ። ኤርምያስን ከላይ እስከ ታች አየ።

«ባለቤትሽ ናቸው?»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች።

ጋሼ። እንግዲህ በጋሼ ላይ ነበር ሲንጨረጨር የዋለው። የራሱን ጭንቅላት ከስልክ ሣጥኑ ጋር ማጋጨት አማረው።

*

ሠላሳ አንድ ደቂቃ ቀርቷቸዋል።

ለሽፋን ባልና ሚስት የተዘጋጀ አንድ መውጫ ነበራቸው። ሁልጊዜ በቦርሳዋ ትይዘዋለች። ቀኑ ያልተቆረጠ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት፣ በአቶ ኤርምያስና በወይዘሮ ተናኘ ስም። ከሳን ሆዜ የዛሬው በረራ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ወዲያ ማዶ ከአምሐ ሥር ያልሆነ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ይቀበላቸዋል።

ሁለት ትኬት። ሦስት ሰው።

«እናንተ ሂዱ» አለ ኩምሳ። «ወረቀቱን ውሰዱ፤ እኔ እዚሁ…»

«ያለ እርስዎ ወረቀቱ ወረቀት ነው» አለ ኤርምያስ። «እሷ ብትቀር ይገድላታል። እኔ ነኝ የጠራሁት፤ የምቀረውም እኔ ነኝ።»

መንጃ ፈቃዱን አወጣ። ግሪን ካርዱን አወጣ። ፎቶው የድሮ ነው፤ ፀጉሩ አጭር፣ ፊቱ ደብዛዛ። ኩምሳን አይመስልም። ግን ለትኬት ቆራጭ ፈረንጅ ሐበሻ ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነው። ከዚያ የቀኝ እጁን በግራ ጣቱ ላይ አደረገ። ቀለበቱ አልወጣ አለ። በምራቁ አርሶ አወጣው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ከአንድ ሰዓት በፊት ይህን ሰው ቢያንቀው ደስ ይለው ነበር። አሁን ስሙን፣ ወረቀቱን፣ ትዳሩን አንድ በአንድ እያወጣ በመዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ቀለበቱ ለኩምሳ ልክ ነበር። እሱም አናደደው።

«በደቡቡ መንገድ ሂዱ። አምሐ ከሰሜን ነው የሚመጣው።»

ተናኘ መኪናው በር ላይ ቆመች። «በሚመጣው እሁድ ላመጣህ ነበር። እዚህ።»

እውነቷን ይሁን ልታጽናናው አላወቀም። የሰላይ ሚስት ያገባ ሰው ይህን አይጠይቅም።

«ደክሞኛል እልሽ ነበር» አላት።

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሰማያዊዋ መኪና ዳገቱን ወጥታ በባሕር ዛፉ መሐል ጠፋች።

*

አምሐ ከሁለት ሰዎች ጋር ደረሰ። የአንደኛው እጅ ከጃኬቱ ኪስ አይወጣም።

«የት አሉ?»

ኤርምያስ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

«ይዟት ሄደ!» አለ። «እዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በባዶ እግሯ! በቤቴ ካልሲ አታወልቅም እኮ! ቀለበት አድርጓል፣ አምሐ። በዓይኔ ነው ያየሁት። እኔ ሻይ ሳፈላላት…»

አንዱንም መፍጠር አላስፈለገውም። ሲያቃጥለው የዋለውን ሁሉ ከሆዱ እያወጣ ዘረገፈው፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ እንባው መጣ። አምሐ አጎንብሶ ፊቱን አየ፣ እንደ ልማዱ አነበበው። ያነበበው ሁሉ እውነት ነበር።

«በየት?»

«በሰሜን በኩል በሚወጣው የተራራ መንገድ። ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ሲል ሰምቼዋለሁ።»

ውሸቱ ይህቺ ብቻ ነበረች።

«ሰው ነህ አንተ? ለሽፋን ሚስት ታለቅሳለህ?» አለ አምሐ። «ግባ!»

የተራራውን መንገድ ሲጠማዘዙ ዋሉ። ኤርፖርቱ ውስጥ ከበር በር ተራወጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል። ኤርምያስ የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት ጫማውን ያይ ነበር። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አንዴ ቀና አለ፤ ትንፋሹን ለቀቀ።

አምሐ አየው።

መኪና ማቆሚያው ፎቅ ላይ ሦስት ሆነው ደበደቡት። ሦስት ጥርስና የግራ ጆሮው መስማት እዚያው ቀረ። የሰው ኮቴ ባይመጣ ነፍሱም በቀረች ነበር።

*

በአሥረኛው ቀን አምሐ በሐሰት ፓስፖርት የካናዳን ድንበር ሊሻገር ሲል ተያዘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአንድ የሳን ሆዜ ሆቴል የእንግዶችን መኪና የሚያቆም አበበ የሚባል ሰው ዘንድ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ወጣት መልእክተኛ መጣ። ስሙ ፍሬምናጦስ ነው። ሰውየው ማን እንደነበረ አልተነገረውም። ለአንድ ጡረተኛ ወረቀት አድርስ ነው የተባለው። ወጣት ስለሆነ ወሬ ይወዳል።

«የአምሐ ጉዳይ ተፈረደ፣ ሰምተዋል? ዕድሜ ልክ። መዝገብ ያዡ ሦስት ቀን ሙሉ መሰከረ።»

«ጥሩ ነው» አለ አበበ፣ ቀኝ ጆሮውን አዙሮ።

«እሱን ያወጣችው ሴት ኤጀንት ናት። እስኪመሰክር ድረስ እሱና እሷ ለሽፋን ባልና ሚስት ሆነው ነበር የተደበቁት አሉ። ያን ያህል ጊዜ አንድ ቤት ሲቀመጡ ይኸው በእውነት ተዋደዱ። በጥር በቁርባን ተጋቡ። ሰርጉ ላይ ነበርኩ። ሰውየው ታድሏል እንጂ፣ እንደሷ ያለች!»

«ደህና ናት?»

ወጣቱ ቀና አለ። «ያውቋታል?»

ሆቴሉ በር ላይ አንድ እንግዳ መኪናውን እየጠበቀ ሰዓቱን ያያል።

«የት አውቃታለሁ!» አለ አበበ። «ለወሬው ያህል ነው። እግዚአብሔር ይባርካቸው።»

«አሜን። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ፈረመ። ብዕሩን መለሰለት። ከዚያ ቁልፉን ከሰሌዳው አንሥቶ የእንግዳውን መኪና ሊያመጣ ወረደ።