የዓይን ጠብታው ሌባ

ጠርሙሱ የለም።

ጡረተኛው መርማሪ መሳቢያውን ገለበጠ። ትራሱን አነሳ። አልጋው ስር በሆዱ ተሳበ። የለም!

ዓይኑን በሌዘር ታክሞ መነጽሩን ከተሰናበተ ሁለት ወሩ ነው። ሐኪሟ ያዘዘችለት፣ የዓይን ቅላት የሚያጠፋው የስቴሮይድ ጠብታ ሲጠፋበት ደግሞ ይሄ ሦስተኛው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሌባ ያሳደደ ሰው በገዛ ቤቱ ተሰረቀ።

በሚስቱ ጀመረ።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ሸሚዝህን ስተኩስ! አንተ አጠገቤ ቆመህ ‹እዚህ ጋ ተጨማዷል› ትለኝ አልነበር? ማየት ከጀመርክ ወዲህ አበሳዬን አሳየኸኝ!»

«ቂም አላት» ብሎ ጻፈ።

አብሯቸው የሚኖረው የሚስቱ ወንድም ዓይኑ ደም መስሎ ቀረበ።

«ጠብታህን ብወስድ ኖሮ ይሄ ዓይን እንዲህ ይቀላ ነበር?»

ስሙን ሰረዘው።

የቀሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ናቸው። ገና አፉን ሳይከፍት፣ «እኔን? በስተርጅናዬ?» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

በቀጠሮው ቀን ለሐኪሟ ነገራት። ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄ ጠብታ እኮ አንዳንዱ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል። እርስዎን በየጊዜው የምለካዎት ለዚህ ነው። የወሰደው ሰው ምንም ሳያመው የዓይን ነርቩ ሊጎዳ ይችላል።»

መርማሪው ሌባውን መቅጣት ረሳ። ሰው ሊታወርበት ነው!

በማግስቱ «የዓይን ምርመራ ጋብዣችኋለሁ» ብሎ ሦስቱንም ይዞ ሄደ። ሐኪሟ የዓይናቸውን ግፊት ለካች፤ ከሃያ አንድ ማለፍ የለበትም። ሚስቱ አሥራ አራት። ወንድሟ አሥራ ስድስት። አማቱ ሠላሳ አራት። ሐኪሟ ደግማ ለካች፤ ያው ነው።

«እማማ፣» አለ መርማሪው ቀስ ብሎ፣ «ቦርሳዎን ይከፍቱልኛል?»

ሦስት ጠርሙስ ወጣ።

«እማዬ!» ሚስቱ ጮኸች።

«ዓይኔ ቀልቶ ሲያሳክከኝ አንድ ቀን ሞከርኩት፤ ጥርት አደረገልኝ» አሉ አማቱ መሬት መሬት እያዩ። «ያን ለት ጎረቤታችን መምህሩ ‹ዓይንዎ ምነው ዛሬ እንዲህ አበራ?› አሉኝ። አባታችሁ ከሞቱ ወዲህ ማን ዓይኔን አይቶት ያውቃል?»

የሳቀ የለም።

ጠብታው ተከለከለ፤ ግፊት የሚቀንስ ታዘዘ። በወሩ ግፊቱ ወደ አሥራ ሰባት ወረደላቸው።

መርማሪው ግን መዝገቡ እንዲሟላለት ጎረቤት ሄዶ መምህሩን ጠየቀ።

«የአማቴ ዓይን ማብራቱን በምን አወቁ?»

መምህሩ ጥያቄው ወደመጣበት አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን እሱን ትንሽ አልፎ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ ሞራ ጋርዶኝ እጄን እንኳ በቅጡ አላይም። ወሬ መጀመሪያ አጥቼ እኮ ነው!»