ድምፁ የጠፋው ማማ

«ሆድሽን አትንፊብኝ፤ አውቅሽ የለ!» አለ አጎትየው፣ መጫኛውን እየሳበ።

ይህ የተነገረው ለበቅሎዋ ነው። ጭነት በመጣ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ ሆዷን ትነፋለች፤ መጫኛው ጠብቆ ሲያልቅ ትተነፍሳለች፤ ያኔ ቋጠሮው ይላላና የተለፋው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። አጎትየው ግን ከእሷ ጋር ያረጀ ሰው ነው። ጎኗን በጉልበቱ ገፋ አደረጋትና፣ እፎይ ስትል ጭነቱን ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ጭነቱ አንድ ከባድ ባትሪ፣ ጥቅል ገመድና የስንቅ ከረጢት ነው።

የእህቱ ልጅ ወርክሾፑ በር ላይ ቆማ ታያለች። ጠባብ ክፍል ናት፤ መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮዎች ተደርድረዋል፣ ጠረጴዛው በብየዳ ተጠባብሷል። አጎትየው የሬዲዮ ማማ ጠጋኝ ነው። ከተማዋ አናት ላይ በተደፋው ተራራ ጫፍ አንድ ማማ አለ፤ ከተራራው ማዶ ደግሞ አንዲት ክሊኒክ፣ ክሊኒኳ ውስጥም አንዲት ነርስ። ነርሷ በሽተኛ ሲጠናባት በሬዲዮ መኪና ትጠራለች፤ ድምፅዋ ተራራውን የሚሻገረው በማማው በኩል ነው። አሁን የማማው ባትሪ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ብትጮህም ባትጮህም አንድ ነው።

ረዳቱ ታሞ ስለተኛ አጎትየው ብቻውን ሊወጣ ነበር፤ ጣልቃ የገባችው እህቱ ናት። «ይቺን ልጅ ውሰድልኝ እባክህ» አለችው። «ተመርቃ ከመጣች ጀምሮ ጣራ ጣራውን ስታይ ትውላለች። ወይ እሷ ታብዳለች፣ ወይ እኔን ታሳብደኛለች።»

እውነቷን ነው። ልጅቷ በስታትስቲክስ ተመርቃለች፤ ያውም በጥሩ ውጤት። ነገ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አስልታ ትነግራችኋለች፤ ጠዋት ከአልጋዋ ለምን እንደምትነሳ ግን አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከጸሎት ቡድኑ ቀርታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። በመጨረሻው ስብሰባ ጓደኞቿ አንድ በአንድ እየተነሱ፣ እግዚአብሔር የተፈጠሩበትን ዓላማ እንዴት እንደነገራቸው መሰከሩ፤ አንዱ በሕልም፣ አንዷ በመዝሙር መሐል። ተራዋ ሲደርስ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። እሷን ማንም ምንም አላላትም። ያ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ውስጥ ውስጧን ይበላት ጀመር። «ረስቶኝ ይሆን?» ትላለች፣ ጣራውን እያየች።

ስለዚህ በዚያ ጠዋት፣ በቅሎዋ ስትጫን፣ በልቧ ተሳለች፦ ጌታ ሆይ፣ ለምን እንደፈጠርከኝ እስክትነግረኝ ከውሃ በቀር ምንም አልቀምስም። ለማንም አልነገረችም። ጾም በስውር ነው ብላ የምታምን ልጅ ናት፤ ሰው ካወቀው የሚረክስ ይመስላታል።

«ምሩቋ! እንሂድ እንጂ!» አለ አጎትየው። ይህን ስም ያወጣላት እሱ ነው።

የመጨረሻውን ጋራዥና የመጨረሻውን ውሻ አልፈው ዳገቱን ተያያዙት። አጎትየው ከፊት፣ በቅሎዋ ከመሐል፣ ምሩቋ ከኋላ። ረፋዱ ላይ ጥዱ ዋጣቸው። መሬቱ በወደቀ ቅጠል ስለተሸፈነ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ምሳ ሰዓት ላይ አጎትየው ዳቦና ኦቾሎኒ አካፈላት፤ ዞር ሲል ድርሻዋን ለበቅሎዋ ሰጠቻት። በቅሎዋ አልተግደረደረችም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶውን ለቀቀው። ቅርንጫፉን ይሰብራል፣ ድንጋዩ ላይ ይነጥራል፣ አናት ይቀጠቅጣል። ሮጠው ከአንድ ቋጥኝ ስር ተወሸቁ፤ በቅሎዋም አንገቷን አስገብታ ቂጧን ለበረዶው ተወችለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምልክት ይሆን እንዴ?»

«የምን ምልክት? በረዶ ነው።»

ሲያባራ ከፊታቸው ያለው ጅረት ሞልቶ ደፍርሶ ይጮሃል። አጎትየው የገመዱን አንድ ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረ፤ ሌላውን በዛፍ ግንድ አዙሮ ለእሷ አስያዛት። ግን አልሄደም። ፊት ለፊቷ ቆመ።

«በላሽ?»

«እ?»

«የማማ ሠራተኞች ደንብ ነው። የሰው ገመድ የሚይዝ ሰው ይጠየቃል። በላሽ? ጠጣሽ? ተኛሽ? አንዱ ከጎደለ ገመድ አይያዝም፤ እስኪሟላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ማንም ማንንም አይወቅስም። እህሳ፣ በላሽ?»

ብትናገር ጾሟ ሜዳ ላይ ሊወጣ ነው።

«በላሁ ጋሼ» አለች። መዋሸት አትወድም፤ ቃሉ አፏ ውስጥ መረራት። ለእግዚአብሔር ብዬ እኮ ነው፣ አለች ለራሷ። አጎትየው አመናት። ውሃው እስከ ደረቱ እየመታው ተሻገረ፣ ቀጥሎ በቅሎዋን፣ ቀጥሎ እሷን አሻገረ። ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ይባስ አደፋፈራት።

በማግስቱ ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። መንገዱ ጠባብ፣ ጉሙ ወፍራም ነው። በቅሎዋ ድንገት ጆሮዋን አቁማ ቀጥ አለች። ከፊታቸው፣ አንድ ክፍል በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ጎሽ ቆሟል። አፍንጫው ይጨሳል፣ ቀንዱ ላይ ጭቃ ደርቋል።

«እንዳትሮጪ» አለ አጎትየው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ዓይን ዓይኑንም አትይው።»

ቆሙ። ጎሹ አኘከ። ደግሞ አኘከ። ልጅቷ ላለመውደቅ የበቅሎዋን ጭነት ጨብጣለች፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ባዶ ሆዷ ነው የሚያዞራት። ጎሹ ሲሰለቸው አንዴ ተነፈሰና ቀርከሃውን እየሰባበረ ወደ ጉሙ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄስ?» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«ይሄማ ጎሽ ነው! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ የቆመ ነገር ሁሉ ምልክት ነው እንዴ? ደግሞ ፊትሽ ገርጥቷል።»

«ከፍታው ነው።»

ይህም ሌላ ውሸት። አንዱ ከተነገረ ተከታዩ አይከብድም።

ጉሙ ሲገለጥ ገደሉ ስር ደርሰው ነበር። ከገደሉ በላይ ጠፍጣፋ ጫፍ አለ፤ ማማው ከዚያ ትንሽ እልፍ ብሎ ነው። ድንጋዩ ላይ የብረት መወጣጫ ተተክሏል፤ መሐል ላይ ግን ናዳ አንዱን እርከን ነቅሎት ሄዷል። እሷ ቀላል ስለሆነች ቀድማ ወጣች። ባትሪውን ጫፉ ላይ በተተከለው የመጎተቻ መዘውር ስባ አወጣችው። ከዚያ የአጎቷን ገመድ በብረት ችካል አዙራ ያዘች።

«በላሽ?» ጮኸ ከታች።

«በላሁ!»

«ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ!»

«ተኛሽ?»

«ተኛሁ!»

መውጣት ጀመረ። ከጎደለው እርከን ሲደርስ ተንጠራራ፤ እርጥቡ ብረት ከእጁ ሙልጭ አለ። ክብደቱ ገመዱ ላይ ሲያርፍ የልጅቷ ዓይን ጨለመ፤ ጆሮዋ ውስጥ ፉጨት ሞላ፤ ጣቶቿ ተከፈቱ። ገመዱ መዳፏን እየላጠ ሮጠ። ያባነናት ቃጠሎው ነው። ጨምድዳ ያዘችው፤ ግን ዘግይታ ነበር። ከታች አንድ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ዝም።

እንዴት እንደወረደች አታውቅም። አጎቷ ድንጋይ ተደግፎ፣ አንድ እግሩ አለቦታው ዞሮ፣ ላብ አጥምቆት ተቀምጧል።

«ደህና ነኝ» አለ። «እግሬ ነው። ተሰብሯል።»

«ጋሼ… አልበላሁም።»

«ዛሬ?»

«ከከተማ ከወጣን ጀምሮ። ጾም ይዤ ነው። ለምን እንደፈጠረኝ እግዚአብሔር እንዲነግረኝ ብዬ… በስውር ስለሆነ ነው ያልነገርኩህ።»

ከረጢቱን አየት አደረገ።

«ዳቦውንስ የት አደረግሽው?»

«ለበቅሎዋ።»

«እኔ ደግሞ ምን አድርጌያት ነው ፊቷን ያዞረችብኝ እላለሁ!» ሳቅ ሲጀምር ሕመሙ ቆረጠበት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ጾሙን አልነቅፍም፤ እኔም እጾማለሁ። ግን ልጄ፣ በላሽ ወይ ስልሽ እኮ ስለ ዳቦ አይደለም የጠየቅኩሽ። ነፍሴን ላስይዝሽ ወይ ማለቴ ነበር።»

ያኔ ነው እንባዋ የፈነዳው። ተንሰቀሰቀች። እሱ ከረጢቱን ስቦ ዳቦ ቆረሰና ዘረጋላት።

«ብዪ።»

«ስለቴስ?»

«ስለትሽን ከፈጣሪሽ ጋር ትነጋገሪበታለሽ። እኔ የማውቀው ገደሉን ነው። እኔ ከዚህ አልነሳም፤ በቅሎዋ ላይ የሚያወጣኝ ሰው ያስፈልጋል። ሰው የሚገኘው ሬዲዮው ሲሠራ ነው። ሬዲዮው የሚሠራው ደግሞ አንቺ ስትወጪ ነው። ብዪ!»

በላች። ዳቦው ደርቋል፤ እንደዚያ የጣፈጣት ነገር ግን አልነበረም። እግሩን በቀርከሃና በሻርፕ አሰረችለት፣ ውሃውን አጠገቡ አኖረች፣ የእሱን የእጅ ሬዲዮ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ጉልበቷ ሲመለስ ወጣች። ባትሪውን አዘለችና፣ እያረፈች፣ እየተነሳች፣ በነፋሱ ላይ አጎንብሳ ጫፉን ተከተለች።

ማማው ጋ ሰዎች አሉ።

ሁለት ናቸው። አንዱ ባርኔጣ ያጠለቀ ሸምገል ያለ፣ ሌላው ወጣት፣ መፍቻ የያዘ። ከፀሐይ ብርሃን እየለቀመ ባትሪውን የሚሞላውን ሰሌዳ ሊሰርቁ ብሎኑን እየፈቱ ነው። ሲያዩዋት ቆሙ።

«ስንት ናችሁ?» አለ ባለባርኔጣው።

ብልጥ ሰው እዚህ ላይ ይዋሻል። ከኋላዬ አገር ሙሉ ሰው አለ ይላል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ብቻዬን ነኝ። አጎቴ ገደሉ ስር እግሩ ተሰብሮ ተቀምጧል። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም።

«እንግዲያው ባትሪውን አውርጂው» አለ ወጣቱ።

አወረደችው። ከዚያ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«ተቀምጫለሁ።»

«ተነሺ!»

«አልነሳም። ከፈለጋችሁ ከነእኔ ተሸከሙት።»

ባለባርኔጣው ሳያስበው ፈገግ አለ።

«አባቴ» አለችው ወደ እሱ ዞራ፣ «አንድ ጊዜ ሰክቼ ልጥራ። አጎቴን የሚያነሳ ሰው ይምጣለት። ከዚያ እናንተ ሁለት፣ እኔ አንድ፤ የፈለጋችሁትን ታደርጋላችሁ።»

ባለባርኔጣው ገደሉን አየ፣ እሷን አየ። «ጥሪ» አለ። «ቶሎ በይ ታዲያ።»

ቀይ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር። ሳጥኑ ውስጥ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። የእጅ ሬዲዮውን ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ እሷ ገና ሳትናገር ሬዲዮው ተናገረ።

«…ማንም ብትሆኑ» ይላል የሴት ድምፅ፣ ደክሞ፣ ተስፋ ቆርጦ፣ ግን ሳያቆም። «የሚሰማኝ ሰው ካለ… ምጥ የጠናባት ልጅ አለችኝ፤ ከአቅሜ በላይ ሆናለች። ማንም ብትሆኑ መልሱልኝ።»

ነርሷ ናት። ባትሪው ከሞተ ጀምሮ እንዲሁ ትጣራ ኖሯል፤ ማንም እንደማይሰማት እያወቀች፣ በማግስቱ ደግሞ ዳግመኛ።

ልጅቷ ስትጠብቅ የኖረችው በስሟ የሚጠራትን ድምፅ ነበር። ይህ ድምፅ ስሟን አያውቀውም። ግን እዚህ ጫፍ ላይ ከእሷ ሌላ የሚመልስ የለም።

«አቤት!» ጮኸች። «አቤት፣ እሰማሻለሁ! አለሁልሽ!»

ከወዲያ ማዶ ለቅሶ ተሰማ። ከከተማም አንድ የወንድ ድምፅ፣ እንደባነነ ሰው፣ «ማነው? ክሊኒኳ ናት? መኪና አሁኑኑ ይነሳል!» አለ። ልጅቷ ስለ አጎቷም ነገረችው። ተነጋግረው ሲጨርሱ ጫፉ ላይ የነፋስ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ባለባርኔጣው ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ ቦታው ገፋው።

«ይሄን ሁሉ ብሎን ፈትተን!» አለ ወጣቱ።

«ዝም ብለህ እሰር!» አለው። ወደ እሷ ዞሮም፣ «አጎትሽ የት ጋ ነው ያልሽው?» አላት።

አጎትየውን ሁለቱ ተሸክመው በቅሎዋ ላይ አወጡት። ሲያሽሟጥጡት፣ ሲያሽሟጥጣቸው፣ ቁልቁለቱን ያዙ። ከከተማ የተላኩት ሰዎች መሐል መንገድ ላይ ሊቀበሏቸው ነው። ቀርከሃው ጋ ሲደርሱ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፤ ነርሷ ናት፤ መኪናው ደርሷል፣ እናትየው ተርፋለች፣ ልጁም እያለቀሰ ነው። ምሩቋ ሬዲዮውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ሄደች።

«ታዲያ ነገረሽ?» አለ አጎትየው ከበቅሎዋ ላይ ጎንበስ ብሎ።

«እሱማ ምንም አላለኝም ጋሼ።»

ይህን ስትል እንደ ድሮው አልከፋትም። እሷን ራሷን ገረማት።

«ነርሷም እኮ ዝም የተባለች መስሏት ነበር» አለች ቆይታ። «ስትጮህ፣ ስትጮህ፣ ማንም ምንም ሳይላት። መልሷ ግን ዳገት እየወጣ ነበር።»

አጎትየው አሰበበት።

«ያውም ሳይበላ!» አለ።

ባለባርኔጣው ለምን እንደሚስቁ ባይገባውም አብሯቸው ሳቀ፤ በቅሎዋም ጆሮዋን አራግፋ ወደ ጥዱ ጥላ ገባች።