በርበሬ ያስነጠሰው ሰው

የአብዱልሐሊም አስከሬን በመደቡ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ከሰው ዐይን የሸሸ ይመስል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከእጁ የወደቀው ብርጭቆ አልተሰበረም። የሽንኩርት ፀረ ተባይ መድኃኒቱ ሽታ ግን ኢንስፔክተር ውባለምን ገና ከግቢው በር ተቀብሎ መሐረቧን ወደ አፍንጫዋ አስወስዷት ነበር።

ከወልድያ የተጠራችው በማለዳ ነው። የመርሳው ሳጅን መልካሙ ነገሩን በአጭሩ አስረዳት። ሟቹ ወታደር ነበር፤ በጦርነቱ ፍንጣሪ ግንባሩን መትቶታል። የጉዳት አበል ጠይቆ ተከለከለ፤ ይግባኝ ቢልም በቅርቡ ተረታ።

«ተስፋ ቆርጦ ጠጣው» አለ መልካሙ። «ይህን የሚያህል ሽታ ሳይሰማው ቀርቶ አይደለም መቼም።»

«ጉዳቱ ምን ነበር?»

መልካሙ አመነታ። «ማሽተት አልችልም ነበር የሚለው። አበሉን የሚወስነው ቦርድ ግን ያሸታል አለ።»

ውባለም ብርጭቆውን አንሥታ በብርሃን አየችው። በሥሩ ወፍራም የአብሽ አረፋ ረግቷል። በጠርዙ ላይ ጉንዳኖች ሞተው ተጣብቀዋል፤ ማር ስቧቸው መጥተው መርዝ አስቀርቷቸዋል።

ሚስቱ ሁሪያ ከቤቱ ጥግ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቆ ድምፅዋ ብቻ ቀርቷል።

«ራሱን አጠፋ እያሉ ነው፣ እመቤቴ። ሼሁም ጀናዛውን ለመስገድ አመነቱ። ወላሂ፣ ሲኖር ውሸታም አሉት፤ ሲሞት ደግሞ ነፍሱን የጣለ ብለው ሊቀብሩት ነው።»

«አብሹን የመታሽለት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ግራና ከተማ ለቅሶ ላይ አድሬ ዛሬ መመለሴ ነው። በቤታችን አብሽ የለም። ቢኖርስ? ወተት እንኳ እኔ ሳላሸትለት አይጠጣም። የተበላሸ ጠጥቶ ታሞ ያውቃል። ‹አሽቺልኝ› ይለኛል፣ እንደ ሕፃን።»

ውባለም ጓዳውን ፈተሸች። አብሽ የተዘፈዘፈበት ዕቃ የለም፤ መምቻውም ደርቆ ተሰቅሏል።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ጀብሪል ከአጥሩ ማዶ ሽንኩርት ያለማል። ሬሳውን ጎህ ሲቀድ ያገኘው እርሱ ነው።

«መድኃኒቱ የእኔ ነው» አለ ሳይጠየቅ። «ከጎተራው ሥር ነው የማስቀምጠው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ከወንድምህ ጋር ሰላም ነበራችሁ?»

«ተኳርፈን ነበር። ቦርዱ ፊት አብሬው ቀርቤ ነበር። ኬሮሲን አስሸተቱት፣ ሽቶ አስሸተቱት፤ ምንም አይሸተኝም አለ። የተቆላ በርበሬ ሲያቀርቡለት ግን አስነጠሰ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። የማይሠራ አፍንጫ ምን ያስነጥሰዋል? ብለው መልስ አሳጡት። እኔም አንገቴን ደፋሁ።»

«ይግባኙስ?»

«ይግባኝ ሰሚዎቹ አዲስ ማስረጃ አምጣ ነው የሚሉት። የታወረ ዐይን ይታያል፣ ያጠረ እግር ይለካል፤ ለአፍንጫ ማን ይመሰክራል? አብሮት የዘመተውንና ሆስፒታል ያስታመመውን ጓደኛውን ዓሪፍን ጠራ። ዓሪፍም ‹እንደ እናንተው ያሸታል› አለና ቁጭ አለ። በዚያው ተዘጋ።»

ዓሪፍ በመርሳ አስፋልት ዳር ሱቅ አለው። በግራ እጁ ሁለት ጣቶች ጎድለዋል፤ ስለ እነርሱ አበል ይከፈለዋል። በሱቁ ደጃፍ አንድ የታጠበ ፔርሙዝ ክዳኑ ተነጥሎ ፀሐይ ይሞቃል።

«እውነት መናገር ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ፈገግ ብሎ። «ጓደኛዬ ነው፤ በሐሰት ግን አልምልለትም።»

«ያሸት ነበር?»

«እንደ አነፍናፊ ውሻ። የጎረቤት ወጥ ከሩቅ ይለያል።»

«ትናንትስ አግኝተኸው ነበር?»

«ከተረታ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

ውባለም ስትወጣ ወልድያ ለምትገኘው ሐኪም፣ ለዶክተር ሊዲያ ደወለች። ያቺ ብዙ አላሰበችም።

«በርበሬማ የሚታወቀው በማቃጠሉ ነው እንጂ በመሽተቱ አይደለም። ማቃጠልን የሚያደርሰው ነርቭ ሌላ ነው። ማሽተቱ ጨርሶ የጠፋ ሰውም በርበሬ ያስነጥሰዋል። ውሸታም ቢሆን ኖሮ ያንንም አይሰማኝም ለማለት ትንፋሹን ይይዝ ነበር።»

ከቀትር በኋላ የሐኪም ምርመራው አልቆ አስከሬኑ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ውባለም ሁሪያን፣ ጀብሪልን፣ ዓሪፍንና ሼሁን በግቢው ሰበሰበች። መልካሙ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ከጎኗ ቆመ።

«ሊሞት የቆረጠ ሰው» ብላ ጀመረች «ለመርዙ ማር አይፈልግም፤ አብሽም አይመታለትም። በዚህ ቤት ደግሞ አብሽ አልተመታም። ስለዚህ መጠጡ ከውጭ ተዘጋጅቶ መጣ።»

ሼሁ ቀና አሉ።

«እንዲህ የሚገማ መጠጥ ለሰው የሚያቀርብ ማን ነው? ጠጪው እንደማያሸት እርግጠኛ የሆነ ብቻ ነው። አብዱልሐሊም ደግሞ በእርግጥ አያሸትም ነበር፤ በርበሬው ያስነጠሰው ስላቃጠለው ነው። ቦርዱ የሐሰቱ ምልክት ያደረገው የእውነተኛነቱን ማስረጃ ነበር።»

ጀብሪል እጁን ወደ አፉ ወሰደ።

«ጀብሪል ወንድሙ እንደሚያሸት አምኖ ነበር፤ በዚህ መርዝ ሊያታልለው አይሞክርም። ሁሪያ ግራና ከለቀስተኛ መካከል ነበረች። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀራል፤ ሆስፒታል ያስታመመው።»

«እኔ እኮ ያሸታል ብዬ ነው የመሰከርኩት» አለ ዓሪፍ።

«በአንደበትህ። መርዙን በማር ስትመታ ግን በእርሱ ቃል ተማመንክ። በዚህ አገር አቤቱታውን ያለ ጥርጥር የተቀበለው ገዳዩ ብቻ ነው።»

መልካሙ ጨርቁን ገለጠ። የዓሪፍ ፔርሙዝ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ላስቲኩን ሲያወጣ ሽታው በግቢው ተሰራጨ፤ ሼሁ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፣ ሁሪያ ፊቷን አዞረች።

«ሳሙና ያልደረሰበት ቦታ ነው» አለች ውባለም። «ባለቤትህም ትናንት ረፋዱ ላይ አብሽ መምታቷን ለሳጅን ነግራዋለች።»

ዓሪፍ የጎደሉ ጣቶቹን በሌላው እጁ ሸፈናቸው።

«እጄን በጥይት የመታሁት ራሴ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ከግንባር ለመውጣት። እርሱ አይቶ ደበቀልኝ። ይግባኙ ከተከፈተ ሁለታችን የቆሰልንበት ቀን ነገር ሁሉ ይጠየቃል ብዬ ፈራሁ፤ ለዚያ ካድኩት። ሲረታ ወደ በላይ አካል ሄጄ ሁሉንም እንደ ነበረ እናገራለሁ አለኝ። እርቅ ብዬ ሄድኩ። ብርጭቆውን ስሰጠው…»

«ቀጥል።»

«መልሶ ዘረጋልኝ። ‹ሁሪያ የለችም፤ አንተ አሽትልኝ› አለኝ። አሸተትኩለት። ደህና ነው አልኩት።»

ሁሪያ በተቀመጠችበት ወደ ፊት አጎነበሰች።

ሼሁ ተነሥተው ጀናዛውን እንዲያወጡ አዘዙ። የመርሳ ሰው ከሱቁም ከማሳውም ተጠራርቶ መጣ፤ ክርስቲያኑ ከጥላው ሥር ቆመ፣ ሙስሊሙ ተሰለፈ። ሶላቱ ሲያበቃ ሼሁ እንደ ልማዱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ይህን ሰው በምን ታውቁታላችሁ?»

እንደ ደንቡ ሁሉም በአንድ ድምፅ «በደግነቱ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ጀብሪል ከፊተኛው ሰልፍ እጁን አነሣ።

«እውነተኛ ነበር» አለ። «እባካችሁ እንዲህ በሉልኝ፤ እውነተኛ ነበር።»