ከበራችን ላይ የፋቅኩት ጽሑፍ

በማሽን ተከላ ሱቃችን በር ላይ «ማንኛውንም ማሽን እንተክላለን» የሚል ጽሑፍ ነበር። ያጻፈው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰፈሩ «እሺታ» ይለዋል፤ ከአፉ እምቢ ወጥቶ አያውቅማ! ጄኔሬተር? እሺ። የውሃ ፓምፕ? እሺ። የማተሚያ ማሽን? በዓይኑ አይቶት ባያውቅም እሺ። እሱ እሺ ባለ ቁጥር ገመዴን ተሸክሜ የምከተለው ደግሞ እኔ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ እህቱ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር እጃችን የተፈታው በአንድ ነገር ነው፤ በዳቦ መጋገሪያ ምድጃ። አባታችን ያሳደገን በሱ ነው። ምድጃ ስንተክል ወለሉ የቱ ጋ እንደሚሰምጥ፣ ጭሱ በየት በኩል እንደሚያስቸግር ገና ስንገባ እናውቃለን። ዳቦ ጋጋሪዎች በኛ ይምላሉ። እንግዲያው በዚሁ እንርጋ ስለው ወንድሜ ይስቅብኛል። ሰው የመጣለትን ሥራ እንዴት ይመልሳል፣ ዳቦ ቤት ብቻ ይዘን ልንደርቅ ነው ወይ ይለኛል።

አንድ ቀን የሆቴል ሥራ አስኪያጅ መጣ። አንሶላ የሚያጥብ ግዙፍ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበረው። ወንድሜ እንደ ልማዱ እሺ አለ።

ማሽኑ ከማሸጊያው ሲወጣ፣ ልብስ የሚሽከረከርበትን በርሜል ግራና ቀኝ የያዙ ቀይ ብረቶች አየን። ለካ ብረቶቹ በርሜሉ በጉዞ ላይ እንዳይወዛወዝ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት መውጣት አለባቸው። እኛ ምኑን አውቀን! በምድጃ ሥራ የላላ ነገር ነው የሚያስፈራው። መመሪያውን እናንብብ ስለው ወንድሜ «ብሎን ያው ብሎን ነው» አለና ጭራሽ አጠበቃቸው።

ማሽኑ መጭመቅ ሲጀምር ክፍሉ ተናወጠ። በርሜሉ መወዛወዝ ቢከለከል ጊዜ ማሽኑ እንዳለ ከወለሉ ተነቅሎ ወንድሜን ከግድግዳው ጋር አጣበቀው። መብራቱን ቆርጬ ስደርስ እግሩ ተሰብሯል። ዶክተሩ «ይራመዳል፣ ግን እንደ ድሮው አይሆንም» አለን። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው እንደማይተርፍ ለመረዳት ደግሞ ዶክተር አላስፈለገኝም።

ከሆስፒታል ተመልሼ ቀጥታ መፋቂያ አነሳሁ። «ማንኛውንም ማሽን» የሚለውን ፍቄ በቦታው «የዳቦ ምድጃ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። አጎታችን ሰምቶ እየተቆጣ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ገበያችሁን በገዛ እጅሽ ዘጋሽው እኮ!»

«ይዘጋ፣ አጎቴ። የቀረውን እግሩን ለገበያ አልሰጥም።»

ደፋር ናት ተባልኩ። ልባል! መጀመሪያ ላይ በራችን ጭር ማለቱን አልደብቅም፤ ፈርቼም ነበር። ግን ሌላ ሥራ ለመነካካት እምቢ አልኩ። ለምድጃ የሚሆን መለዋወጫ ብቻ ሰበሰብኩ፤ ምድጃ የተበላሸበት ጋጋሪ ሳይነጋ ቢደውል እንኳ ደረስኩ። ቀስ በቀስ ጋጋሪው ለጋጋሪ እየነገረ፣ ከሌላ ከተማ ሳይቀር እኛኑ ብለው ይመጡ ጀመር።

ወንድሜ ምርኩዙን ይዞ ሱቅ የተመለሰ ዕለት ጽሑፉን አየ። ተቀምጦ ሳለ አንድ ባለ ሕንፃ ገባ። ሊፍት ሊያስተክል ፈልጎ፣ እሺታ መቼም አያሳፍረኝም ብሎ መምጣቱን ነገረን። ወንድሜ እግሩን ዳብሶ መለሰለት።

«አይ ጌታዬ፣ ሊፍት አናውቅም። እሱን ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ እነሱ ጋ ሂድ። ሰው የሚሳፈርበት ነገር ነው።»

ሰውየው ጆሮውን አላመነም። እኔም አላመንኩም።

የማታውቁትን ሥራ እሺ የምትሉ ሁሉ፣ ስሙኝ! አላውቅም ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያውቁ እሺ ብሎ ሰው ማስጨረስ ነው። አንዱን ሥራ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ሥራ ገፉ ብሎ የሚያማችሁ ይማችሁ።

ባለ ሕንፃው እንደወጣ ወንድሜ በምርኩዙ ወደ በሩ ጠቆመ።

«ጽሑፍሽ ወደ ግራ አጋድሏል። ውሃ ልኩን አምጪና እናስተካክለው» አለኝ።